ከጎረቤት ጋር ስላለ የድንበር ካብ

አንባቢ ሆይ፤ በመንዝ፥ በማማ ምድርም ሆነ በላሎና በጌራ ምድር የሄድህ እንደ ሆነ፥ እንጨት የሚያንስበት ደጋ ነውና ቤቱም በረቱም አጥሩም በድንጋይ ተሠርቶ ታያለህ። ያለ ጭቃ የተካበ ካብ ግን ከአንዱ ወገን ቢነኩት በሌላው ወገን ይናዳል። ስለዚህ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያለውን ካብ አንዱ ብቻውን አፍርሶ ሊሠራው አይገባም።

ድንበር ገፊ በኦሪት ዘዳግም በ27ኛው ምዕራፍ ከተረገሙት ጋር ተቈጥሮአል። ነገር ግን ድንበር ገፊ ማለት በሌሊት ድንጋይ የሚያዛውር ብቻ አይምሰልህ። ጎረቤቱ ለለቅሶ በሄደበት ቀን ካቡን ከፍ አድርጎ ፀሐይ የሚጋርድበት፥ የክረምቱንም ጎርፍ ወደ ጓሮው የሚመልስበት ሰው፥ ወሰኑን ስንዝር ሳይነካ ያንኑ ሥራ ሠርቶአል።

ያዕቆብና ላባ የተዋደዱ ሰዎች አልነበሩም፤ ሲተላለሉ ሃያ ዓመት አሳልፈዋል። ሆኖም በኦሪት ዘፍጥረት በ31ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ ድንጋይ ከምረው በዚያ በሉ፤ ለክፋትም ላይተላለፉት ተዋዋሉ። ላባ ይጋርሠሀዱታ አለው፥ ያዕቆብ ገለዓድ አለው፤ ሁለቱም የምስክር ክምር ማለት ነው። ለአንድ ክምር ሁለት ስም ማውጣታቸው እንኳ ከስምምነት አልከለከላቸውም።

አንተ የተማርህ ወጣት ግን ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ ሜትር ይዘህ ትመጣለህ፤ ሕግም ታውቃለህ። ሕግ ማወቅስ መልካም ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የርስት ሥርዓት ከቀረ ወዲህ የገጠር መሬት የግል ሀብት አይደለም፤ ለባለ ይዞታው የተሰጠው የይዞታ ደብተር ነው፥ በእርሱም ላይ የአዋሳኞች ስም ይጻፋል። እንግዲህ ጎረቤትህን ሳትጠራ መሬትህ የት እንዳለ እንኳ መናገር አትችልም። ደግሞም አንተ ሦስት ቀን ሰንብተህ በምታስክበው ካብ ሥር እናትህ ዓመቱን ሁሉ ትኖራለች፤ በሌሊት ብትታመም ጩኸቷን ሰምቶ የሚደርስላት በካቡ ማዶ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ካብ ሠሪ ከመጥራትህ በፊት በቀን ብርሃን ወደ ቤቱ ሂድ። ቁመቱ ስንት ክንድ እንዲሆን፥ ውሃው በየት እንዲወርድ፥ የሠራተኛውን ዋጋ ማን እንዲከፍል ተነጋገሩ፤ ሽማግሌዎችም ይስሙ፥ ስምምነቱም ይጻፍ። (የከተማ ሰው ከሆንህ ማዘጋጃ ቤቱን ሳትጠይቅ አትጀምር።) እንቢ ቢልህ ቆይተህ ዳግመኛ ሂድ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዘዘው የተቀየመውን ሳይሆን የተቀየሙበትን ነውና።

ካቡን ሳትጠይቅ ሠርተህ እንደ ሆነ ግን ቃል ብቻ ይዘህ አትሂድ፤ ድንጋዩን ለማውረድ ተዘጋጅተህ ሂድ። እርሱ ራሱ ይቁም ቢልህ ያን ጊዜ ይቁም።