ተረትን ለልጆች መልሶ መጻፍ፦ የሩቁ እሳትና የወጡ ሽታ

በእያንዳንዱ ተረት ውስጥ ቢፈታ ሁሉን የሚበትን አንድ ቋጠሮ አለ። ተረትን ለልጆች መልሶ የሚጽፍ ሰው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ይህን ቋጠሮ ለይቶ ማወቅ አለበት። ከቋጠሮው በቀር ስሙም፣ ቦታውም፣ ከብቱም ቢለወጥ ተረቱ ተረት ሆኖ ይቀጥላል። ለዚህ ተራራ ላይ ያደረው ሎሌ ተረት ጥሩ ማሳያ ነው። ይህን ተረት አሜሪካዊው የተረት ሰብሳቢ ሃሮልድ ኩርላንደርና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ አስገብተውታል፤ የመጽሐፉም ርእስ የተወሰደው ከእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርሃ የሚባል ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ሎሌ ነው። ነጋዴው አንድ ብርዳም ምሽት፣ ሰው ያለ ልብስና ያለ እሳት ተራራ አናት ላይ አድሮ መትረፍ ይችል እንደሆነ ያነሳል፤ ላደረ ሰው መሬት፣ ቤትና ከብት እሰጣለሁ ይላል። አርሃ እሺ ካለ በኋላ ይጨንቀውና አንድ የአገሩን ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌው ከሸለቆው ማዶ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሊያነድለት ቃል ይገባለታል፤ እሱን እያየ እንዲያድር ይመክረዋል። አርሃ በሕይወት ያድራል። እሳት ማየቱን ሲናገር ግን ነጋዴው «እንግዲያማ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ለነጋዴው ይፈርዳል። በመጨረሻ ኃይሉ የተባለ ደግ ሰው ዳኛውንም ነጋዴውንም ግብዣ ይጠራል። የወጡ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ወጡ ግን አይቀርብም።

ቋጠሮው ይኸው ነው፦ እሳቱ ከማዶ፣ ወጡ ከጓዳ። በቱርክ የሚነገረው የነስረዲን ሆጃ ተረትም ቋጠሮው አንድ ነው። ሆጃ በሩቅ መስኮት የምትታይ ሻማ እያየ ብርድ ላይ ያድራል፤ ውርርዱን ሲከለከል ባልንጀሮቹን ይጋብዝና ድስቱን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ከሥሩ አንዲት ሻማ ያበራል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ሆጃ የተበደለውም፣ ብልሃተኛውም ራሱ ነው። ለአርሃ ግን አንዱ እሳት ያነድለታል፣ ሌላው ግብዣ ይደግስለታል። ሁለቱን ተረቶች ያላነጻጸረ ጸሐፊ ሽማግሌውን ትርፍ ሰው መስሎት ቢያስወጣው አይገርምም፤ ቢያስወጣው ግን የተረቱን ግማሽ ሙቀት ያጠፋል።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ቋጠሮውን ራሱ ለልጁ ሲፈታለት ነው። ኃይሉን ከመቀመጫው አስነስቶ «በአርሃ ላይ የፈጸማችሁት ፍርድ ተገቢ አለመሆኑን ላስተምራችሁ ብዬ ነው» ያሰኘዋል። ይህ ስብሰባ ላይ የተነበበ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። ይልቅ እንግዶቹ ሆዳቸው እየጮኸ «ኧረ ምግቡስ?» ይበሉ። ኃይሉም «ሽታው አልደረሳችሁም?» ይበል። «ደርሶናል።» «ታዲያ ምን ቀራችሁ?» ልጁ እዚህ ላይ ይስቃል፤ የሳቀው ሳይነገረው ስለ ገባው ነው። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ማብራሪያ ሳቁን ይወስድበታል።

መልሶ ጸሐፊ የሚፈተነው ትናንሽ ነገሮች ላይ ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ የተገባው መሬት 10 ኤከር ነው። ይህ ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። «ጋሻ መሬት» ቢባል ለጆሮ ያምራል፤ ግን አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለሆነ ነጋዴውን ከተባለው አሥር እጥፍ ለጋስ ያደርገዋል። 10 ኤከር ወደ 4 ሄክታር ይጠጋል። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ስለሆነ ሒሳቡ 16 ጥማድ አካባቢ ይመጣል። ለሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ቁጥሩን ትቶ «ሁለት በሬዎች ሁለት ሳምንት አርሰው የማይጨርሱት እርሻ» ማለት ይበልጣል።

በመጽሐፉ ውስጥ አርሃ ከጉራጌ አገር የመጣ ነው፤ የነጋዴው ስም ደግሞ ሀብቶም ሲሆን በትግርኛ «ሀብታቸው» ማለት ነው። ስሙ ለሀብታም ሰው መግጠሙ ደስ ይላል። ነገር ግን ተረቱ የቆመው በጌታና በሎሌ መካከል ባለው ነገር እንጂ ማን ከየት መጣ በሚለው ላይ አይደለም። ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነበብ መጽሐፍ አንዱን ልጅ መቀለጃ እንዳያደርገው የትውልድ አገሩን መተው ነውር የለውም። ብርዱን ግን መተው አይቻልም። ከአዲስ አበባ በላይ ያለው እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ምን እንደሚመስል ለማሳየት «በጣም ቀዝቃዛ ነበር» አይበቃም። ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ጣቶቹ የእሱ መሆናቸው ጠፋው፣ እሳቷ አንዴ ደብዘዝ ስትል ልቡ ቆመ፣ ሽማግሌው እንጨት ሲጨምር መልሳ ቦግ አለች። እንዲህ ከተጻፈ ልጁም አብሮ ያድራል።

የፊደሉም ጠባይ መታሰብ አለበት። የአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ ተረት ደግሞ በ«አለ» የተሞላ ነው። «በጉ ይበላል» የሚል ዓረፍተ ነገር በጉ ሣር እየጋጠ ይሁን ወይም ድስት ውስጥ እየገባ ማንበብ ለጀመረ ልጅ አይለይለትም። አዋቂ ከአገባቡ ይረዳል፣ ልጅ ግን ቆሞ ይቀራል። መፍትሔው «ሣሩን ይበላል» ብሎ ተሳቢውን መጨመር፣ ወይም «አለ»ን እንደ ቦታው በ«ጠየቀ»ና በ«መለሰ» መተካት ነው።

መጨረሻን መለወጥ ይቻላል፣ ግን ዋጋ አለው። ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው የባለ ቀይ ቆቧ ልጅ ተረት ተኩላው ልጅቷን ይበላታል፣ ተረቱም እዚያው ያልቃል፤ ምክሩ ከታች በግጥም ይከተላል። ወንድማማቾቹ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 አዳኝ አምጥተው የተኩላውን ሆድ አስቀደዱ፣ ልጅቷንና አያቷን አወጡ። ልጅ የሚተኛበት መጨረሻ ሆነ፤ በልዋጩ ግን ልጅቷ በሌላ ሰው የምትድን ሆነች። በአርሃ ተረት ውስጥም ዳኛውን ከሥልጣን ማስወረድ ወይም ነጋዴውን ማሳሰር የሚያምረው ጸሐፊ አይጠፋም። ባዶ ገበታ ፊት ማፈራቸው ግን ከእስር ይልቅ ያሳቅቃል፣ ያስቃልም።

የተጻፈው ጮክ ተብሎ ለልጆች መነበብ አለበት፤ ልጅ መቁነጥነጥ ወይም ዙሪያውን ማየት የጀመረበት መስመር ላይ ምልክት ይደረጋል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ «ጓዳ» እና «ሎሌ» የሚሉትን ቃላት ላያውቅ ይችላል። ሽንኩርቱና በርበሬው ሲቁላላ፣ ቅቤው ሲገባ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ግን ከእናቱ ቤት ያውቀዋል፤ ስለዚህ የግብዣው ገጽ በእሱ መጀመር ይችላል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለው ምላሽም በመጽሐፉ ላይ ለልጁ ቦታ ይተውለት። የመዝጊያው «አፌን በዳቦ አብሱ» ለዚህ ተረት ሲሆን ደግሞ ራሱ ቀልድ ነው፤ የወጥ ሽታ ብቻ ላበላ ተራኪ ዳቦ ይገባዋል ወይ ተብሎ መከራከር ይቻላል።

ተረቱ የሕዝብ ነው፤ የአንድ ጸሐፊ አጻጻፍ ግን የጸሐፊው ነው። የታተመውን መጽሐፍ ከፊት ዘርግቶ መስመር በመስመር ወደ አማርኛ መመለስ ትርጉም ነው፣ ፈቃድም ይጠይቃል። መልሶ የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን ከድኖ ተረቱን በቃሉ ደጋግሞ ያወራዋል፣ ከዚያ ይጽፈዋል። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይም ከአያቱ ሰምቶት ከሆነ የሰማበትን አካባቢ፣ ከመጽሐፍ አግኝቶት ከሆነ የመጽሐፉንና የሰብሳቢዎቹን ስም ያሰፍራል።