የማናየው ጨለማ

በሴሉሎይድ ፊልም ዘመን ሲኒማ ቤት ገብቶ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ተመልካች፣ ከዚያ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ያሳለፈው ባዶ ሸራ ላይ አፍጥጦ በጨለማ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። ፕሮጄክተሩ በሴኮንድ 24 የቆሙ ሥዕሎችን በየተራ ያሳያል፤ አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪተካ ድረስ ተሽከርካሪ መክደኛ ብርሃኑን ይጋርደዋል። በሴኮንድ 24 ጊዜ ብቻ ቢጋርደው ግን ሸራው እየተርገበገበ ዓይንን ያስቸግራል። የሙያው ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ጨለማውን መቀነስ አልነበረም፤ ማብዛት እንጂ። እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ እያቋረጡ ቢያሳዩት፣ በሴኮንድ 48 ወይም 72 ጊዜ የሚመላለሰው ጨለማ ከተመልካቹ ተሰወረ።

ለረዥም ጊዜ የዚህ ሁሉ ምክንያት ብርሃን በዓይን ላይ አሻራውን ጥሎ መቆየቱ ነው ይባል ነበር። ይህ ስለ ብርሃኑ አለመቋረጥ በከፊል ቢያስረዳም ስለ እንቅስቃሴው አይበቃም። ማክስ ቬርትሃይመር እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ጥናት፣ በተለያየ ቦታ የቆሙ ሁለት መስመሮች በተወሰነ ፍጥነት ሲፈራረቁ አንድ ተንቀሳቃሽ መስመር ሆነው እንደሚታዩ አሳየ። እንቅስቃሴው በሸራው ላይ የለም፤ ተመልካቹ ራሱ ያዋጣው ነው። ታዲያ ሲኒማ ውሸት ነውን? አይመስለኝም። ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ፣ ፈቅዶ ገብቷል።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ከሲኒማ ቤት ስንወጣ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በአሮጌው ባላስት የሚሠራው ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደክማል። መብራቱን ቀና ብሎ እያየ ይህን የሚለይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሬቲና ግን ባለቤቱ ከሚያውቀው ፍጥነት በላይ የሆነውንም መርገብገብ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የቢሮ ሠራተኞች መብራት እጅግ ፈጥኖ በሚመላለስ መብራት ሲለወጥ የራስ ምታቱና የዓይን ድካሙ በአማካይ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሠራተኞቹ በየትኛው መብራት ሥር እንደተቀመጡ አያውቁም ነበር።

በወጣትነቴ የማታ ተማሪዎችን ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ ዘወትር ግንባሯን ይዛ ትቀመጥ ነበር። ቤቷ ስትደርስ እንደሚሻላት ብትነግረኝ ስንፍና ነው ብዬ ገሠጽኋት። ምናልባት መብራቱ ነበር፣ ምናልባትም የቀን ሥራ ድካም፤ እኔ ግን ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ ነበር የፈረድሁባት።

የነገሩ ሥነ ምግባራዊ ክብደት እዚህ ላይ ነው። «አላየሁትም» ማለትና «አልነካኝም» ማለት አንድ አይደሉም። የተጎዳው ሰው የጎዳውን ነገር በዓይኑ አይቶ መመስከር ካልቻለ፣ ማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቅ በደል ላይ በደል መጨመር ነው። የመመርመሩ ግዴታ መብራቱን በሰቀለው ወገን ላይ ሊወድቅ ይገባል። ኪነ ጥበብም ከዚህ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በቀረበ የልጆች የካርቱን ፊልም ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል ሲፈራረቅ፣ ከ600 የሚበልጡ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹም ልጆች፣ ሐኪም ቤት ገብተዋል። ሠዓሊዎቹ የፈለጉት የፍንዳታን ስሜት ማሳየት ብቻ ነበር። ልጆቹም እንደ ሲኒማው ተመልካች በፈቃዳቸው ተቀምጠው ነበር፤ የፈቀዱት ግን ተረቱን ነው፣ ብልጭታውን አይደለም።

ዛሬ አሮጌው ባላስት በብዙ ቦታ ተለውጧል። ሆኖም ከተተኩት የኤል.ኢ.ዲ. አምፑሎች ርካሾቹ እንዲሁ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። መምህራን ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ማታ በክፍሉ መብራት ሥር እርሳስ ይዞ ቶሎ ቶሎ ማወዛወዝ ይበቃል። ብርሃኑ የማይቋረጥ ከሆነ እርሳሱ እንደ ጭስ ደብዝዞ ይታያል፤ የሚርገበገብ ከሆነ ግን በአንዱ እርሳስ ፈንታ ተለያይተው የቆሙ ብዙ እርሳሶች ይታያሉ።