ስለ መመራትና ስለ መገደድ

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሮስ ሃሪሰን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 ባሳተመው ጥናት፣ ከፅንስ የተወሰዱ ሕዋሳት የሚይዙት ጠጣር ነገር ካላገኙ በፈሳሽ ውስጥ ብቻቸውን መጓዝ እንደማይሆንላቸው፣ የሸረሪት ድር በተዘረጋላቸው ጊዜ ግን ክሩን ተከትለው እንደሚሄዱ ገለጠ። ከእርሱም በኋላ የተነሡ ጠቢባን የሸረሪቱን ክር በእጃቸው ሥራ ተክተው፣ ከጠጕር ዘለላ እጅግ የቀጠነ ፈር በታይታንየምና በፕላስቲክ ገጽ ላይ ቢቀርጹ፣ ሕዋሱ አካሉን በፈሩ አቅጣጫ አርዝሞ ሲጓዝ ተመለከቱ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ፈር በሌለበት የሆነው ነው። በ2000 ቹን ሚን ሎና ባልደረቦቹ አንዱን ወገን ልል፣ ሌላውን ጽኑ አድርገው ባዘጋጁት ጄል ላይ፣ ከልሉ ወገን የመጣው ሕዋስ ድንበሩን ሳይቸገር ተሻገረ፤ ከጽኑው የመጣው ግን ወሰኑ ዘንድ ሲደርስ ወይ ዞረ፣ ወይ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። ዓይንና ጆሮ ያልተፈጠረለት ይህን በምን ለየ ቢሉ፣ በመሳብ ነው፤ ወደ ፊት የዘረጋውን የአካሉን ጫፍ ኢንተግሪን በተባሉ ፕሮቲኖች ከመሬቱ ጋር አያይዞ ይስባል፤ መሬቱ ሲጸናለት መያዣው ይጠነክራል፣ ሲልልበት ይላላል፤ ስለዚህ ያልሳበውን አያውቅም።

እንግዲህ ሕዋሱ ሄደ እንበል ወይስ ተነዳ? በእኔ አሳብ አልተነዳም፤ ፈሩ ማንንም አይገፋምና፣ የሞተ ሕዋስም በዚያው ፈር ላይ ቢያኖሩት ባለበት ይቀራል፤ ኃይሉ ከውስጥ ነው፣ አቅጣጫው ግን ከውጭ ይመጣለታል፤ የመጣለትንም እምቢ የሚልበት ልቡና የለውም። ከዚህ ተነሥቶ ሰውም የተቀመጠበት ስፍራ ምርኮኛ ነው የሚል ቢኖር፣ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሥጋችን ከአራቱ ባሕርያት እንደ ተገኘ ሲያስተምሩ ነፍሳችንን ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ብለው እንደ ለዩ ያስብ፤ ሰው ፈሩን አይቶ፣ መርምሮ፣ ሊተወው ሥልጣን አለውና በሥራው ይጠየቃል።

ነገር ግን መሬቱን ያዘጋጀው ከተጠያቂነት አያመልጥም። በ2006 አዳም ኤንግለርና ባልደረቦቹ ከአጥንት መቅኔ የተገኙ፣ ገና መልካቸው ያልለየ ሕዋሳትን አንድ ዓይነት ምግብ እየሰጡ በልዩ ልዩ ጄል ላይ ቢያሳድጓቸው፣ እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ ያሉት የነርቭን፣ እንደ ጡንቻ በጠነከረው ላይ ያሉት የጡንቻን፣ ከዚያ በጸናው ላይ ያሉት የአጥንትን ጠባይ ያዙ። የተለየው መሬቱ ነበር እንጂ ምግቡ አልነበረም። እምቢ ለማይል ፍጥረት መሬት ማዘጋጀት ታላቅ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑ በሰፋ መጠን ፍርሃቱም ሊበዛ ይገባል። ስለዚህ በሰው አካል ውስጥ የሚቀመጥ ነገር የምትሠሩ ሁሉ፣ የገጹን ሻካራነትና ልስላሴ እንደ መድኃኒት መጠን ቈጥራችሁ በጥንቃቄ መርምሩ።