የትኛው ደንብ ነው የሚገዛው?

በሊነክስ ሰርቨር ላይ «ሩት» የተባለው ተጠቃሚ የማይከፍተው ፋይል የለም ማለት ይቻላል። ማሽኑ የተማሪ ውጤት ወይም የሠራተኛ ደመወዝ ከያዘ፣ በሩት የገባ ሰው ሁለቱንም መለወጥ ይችላል፤ አልፎም መለወጡን የመዘገበውን ሎግ መሰረዝ ይችላል። እንግዲህ ደብረ ማርቆስም ይሁን ደጀን፣ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አስቦበትም ሆነ ሳያስብበት ይህን ጥያቄ ይዞ ይኖራል፦ ገደብ የሌለው ሥልጣን ለሥራው ግድ ከሆነ፣ በማን እጅ ይሁን?

«በምናምነው ሰው» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። ታማኙም ሰው ይታመማል፣ ይዛወራል፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ፓስወርዱም አብሮት ይሄዳል። የጎጃም አድባራት ይህን ከኮምፒውተር በፊት ያውቁታል። በብዙዎቹ የምጽዋቱ ሣጥን በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ አይከፈትም፤ ቆጠራውም በሰው ፊት ነው። አስተዳዳሪው ተጠርጥሮ አይደለም፤ እንዲያውም ሥርዓቱ እሱኑ ከሐሜት ይጠብቀዋል።

በሰርቨር ዓለም ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአሜሪካ ቡፋሎ የተጻፈው ሱዱ ነው። ማን፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ የትኛውን ትእዛዝ በሩት ሥልጣን ማስኬድ እንደሚችል በአንድ የደንብ ፋይል ይጻፋል፤ ከዚያ ሁሉም ሰው በራሱ ስም ይገባል። ሱዱ በነጻ ይገኛል። እንደ ቢዮንድትረስት ያሉ ኩባንያዎች ደግሞ ሰፋ ያለውን በላይሰንስ ይሸጣሉ፤ ደንቡ በማእከል ይቀመጣል፣ የገባው ሰው የሠራው ይቀዳል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ደንቡ የሚኖረው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ኃላፊው የፈረመበት ወረቀት አለ፣ በማእከሉ ሰርቨር ላይ የተጻፈው አለ፣ በየማሽኑ የወረደው ቅጂ አለ። ሦስቱ ሲለያዩ በተግባር የሚገዛው በማሽኑ ላይ ያለው ቅጂ ነው። አንድ የኮንትራት ባለሙያ ከደንቡ እንዲወጣ ተወሰነ እንበል። አንዱ ማሽን ግን በዚያ ቀን መብራት ጠፍቶበት ነበር። ተመልሶ ሲነሣ የሚያውቀው የድሮውን ቨርዥን ነው፤ ለሰውዬውም እንደ ወትሮው በሩን ይከፍትለታል። ታዲያ ሰውዬው ቢገባ ጥፋተኛ ነው?

«ማሽኑ ፈቅዶለታል» የሚል ይኖራል። ይህን ክርክር አገራችን አንድ ጊዜ በአደባባይ ሞክራዋለች። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአካውንታቸው በላይ ወሰዱ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ፤ ንግድ ባንክ ደግሞ የተወሰደውን ወደ 801 ሚሊዮን ብር አደረሰውና መልሱ አለ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍም ሄደ። ሲስተሙ ፈቀደ ማለት መብት ሰጠ ማለት እንዳልሆነ ያኔ ተቀብለናል። ለተማሪው ያልሠራ ምክንያት ለባለሙያው የሚሠራበት መንገድ አይታየኝም።

ነገር ግን ልዩነት አለ። ተማሪው የሌለውን ገንዘብ እንደሌለው ያውቃል። ባለሙያው ግን ደንቡ መለወጡን ካልተነገረው በምን ያውቃል? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትንም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መሄድንም በወንጀልነት ይደነግጋል። ከፈቃድ ማለፉን ለመለየት በዚያ ሰዓት የጸናውን ደንብ ማሳየት ግድ ነው። የትኛው ቨርዥን በየትኛው ማሽን ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበር ያልመዘገበ መሥሪያ ቤት ወንጀለኛውን መክሰስም ንጹሑን ማዳንም ያቅተዋል። የቨርዥን መዝገብ እንግዲህ ከቴክኒክ ጣጣ በፊት የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ላይሰንሱስ? የአገልግሎት ጊዜው ሲያልፍ ሶፍትዌሩ ወይ በሩን ይዘጋል ወይ ክፍት ይተዋል። ከዘጋ፣ ሰርቨር ሲወድቅ የሚያነሣው ባለሙያ ውጭ ይቀራል፤ ከተወ ደግሞ ጥበቃው ከስም አያልፍም። ሁለቱም መንገድ የመሥሪያ ቤቱን ሥልጣን በሻጩ ካላንደር ላይ ያንጠለጥለዋል። ይህ ለጎጃም ተራ ስጋት አይደለም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ላይሰንሱ በብር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ከዚያ በፊት ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ካልተረጋገጠ የማይሠራ ላይሰንስ እንዲህ ባለ ጊዜ የራስን ቤት ቁልፍ ባሕር ማዶ አስቀምጦ ማደር ነው።

ነጻው ይሻላል ብዬ ግን አልዘጋውም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሱዱ ውስጥ የገባ አንድ ስሕተት ተራ ተጠቃሚን ሩት ማድረግ እንደሚችል የታወቀው በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። የሚሸጠውም አያስተማምንም። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሚኒስቴር የተሰረቀ የቢዮንድትረስት ቁልፍ በያዙ ሰዎች መደፈሩን አስታውቋል። ደህንነት ከእቃው ጋር ተገዝቶ አይመጣም። የሶፍትዌሩ ባለቤት ማንም ይሁን፣ ደንቡ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ፤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ያጸደቀው ሰው የታወቀ፣ የድሮው ቅጂ የማይጠፋበት። የክፉ ቀን የሩት ፓስወርድም በታሸገ ፖስታ፣ ሁለት ሰው ካልተገኘ በማይከፈት ካዝና ይቀመጥ።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆናችሁ፣ የአይሲቲ ክፍላችሁን ይህን ጠይቁ፦ ዛሬ በሰርቨሮቻችን ላይ የሚሠራው ደንብ የትኛው ቨርዥን ነው፣ ማን አጸደቀው፣ ያልደረሰው ማሽንስ የትኛው ነው? መልሱ የሚገኘው ለአንድ ሰው ስልክ በመደወል ብቻ ከሆነ የመዝገቡን ሥራ ዛሬውኑ አስጀምሩ።