ከአያያዝ ይቀደዳል

ልጆቼ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ኦበርን ዝናቡ ሳያባራ በሚሰነብትበት ወራት፣ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ ቤቴ መጣች። እናቷ ካረፉ በኋላ ዕቃ ስታነሳ ያገኘችው ነው። ውስጡ በክር የታሰሩ ፖስትካርዶች አሉ፤ የጎንደር ግንብ፣ ላሊበላ፣ ጢስ ዓባይ።

«አባባ፣ ሥዕሉ ደስ ይላል፤ ፍሬም ውስጥ ላስገባውና ልስቀለው?» አለችኝ።

«ቆይ ልጄ፣ እስቲ ገልብጪው» አልኳት።

ካርዱ የላሊበላ ስለሆነ ላኪዋ ላሊበላ ነበሩ ማለት አይደለም፤ የላኪዋ ነገር ያለው ከካርዱ ጀርባ ነው። ሰላምታው የታወቀ ነው፤ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኛ ደኅና ነን»። አድራሻውን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይመጣም ነበር። ሣጥን የሌለው ሰው «በእገሌ በኩል ይድረስ» እያስባለ በዘመድ መሥሪያ ቤት ያስልክ ነበር። ያ እገሌ ማን ነበር? የክርስትና አባት? የዕድር ጓደኛ? ቤተሰቡ በክፉ ቀን ማንን ያምን እንደነበር የሚነግራችሁ ይህ አንድ መስመር ነው። እዚህ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሲሆን የወደቀው የአያት ስምም እዚያው ተጽፎ ታገኙት ይሆናል። አባቶቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ ዘር ከልጓም ይስባል።

ቀኑን ስትቆጥሩ አትቸኩሉ። ኢትዮጵያ በምኒልክ ዘመን በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች፤ ማኅተሙ በፈረንጅ፣ የእጅ ጽሑፉ በእኛ ቢሆን አይድነቃችሁ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ነው።

ልጅቷ ከአንዱ ካርድ ላይ «ስለ ወንድማችን አታስቢ» የሚል አገኘች፤ ሌላ ነገር የለም። ያን ዕለት ፌስቡክ ላይ ልታወጣው ነበር። እኔ ግን ከለከልኳት። ካርድ ክዳን የለውም፣ መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ብዙ እናት ከባዱን ነገር ሆዷ ውስጥ አስቀርታለች። ያልተጻፈውን ገምቶ መንዛት የሞተን ሰው ማማት ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ሁለቱም ለዚህች ካርድ ይሆናሉ። ስለዚህ ቴምብሩን አትላጡ፣ እርጥበት ያለው ጋራዥ ውስጥ አትተዉት፣ ካርዱ ላይ ስም ስትጽፉም በእርሳስ ይሁን።

ካርዱን የጻፉት አክስቷ አዲስ አበባ በሕይወት አሉ። ደወለችላቸው። አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ያ ካርድ እስካሁን አለ?» ብለው አለቀሱ፤ ከዚያም ነገሩን ከሥሩ ነገሯት። ምን እንዳሉ እኔ አልጠየቅኋትም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ ከካርዱ የጎደለው ቃል ግን ገና ከጻፉት ሰዎች ዘንድ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ጠይቋቸው። እኛ ጋ ሲመሽ እነሱ ጋ ይነጋል፤ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው።