ነጩ በሬ ከበደለስ?

የሦስቱን በሬዎች ተረት የማያውቅ በመካከላችን አለ ብለን አንገምትም። ነጭ፣ ቀይና ጥቁር በሬዎች ተባብረው ሲኖሩ፣ አንበሳ መጥቶ «የነጩ ገላ በጨለማ ስለሚታይ ያስበላችኋል» ብሎ ሁለቱን አሳመነና ነጩን በላ። ቀጥሎ ቀዩን። ጥቁሩ፣ የተበላው ነጩ የተበላ ዕለት መሆኑ የገባው ተራው ሲደርስ ነው።

መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ተረት በተነገረ ቁጥር ምክሩን በሰሌዳው ግርጌ እንድንጽፍ ተምረን ነበር። እኛም «አንድነት ኃይል ነው» እያልን ለዓመታት ጻፍን። ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል፣ ነገሩ ያልቃል። በዚህ ካምፕ ግን ሰሌዳም ደወልም ስለሌለ ተረቱ ሳያልቅ ቀረ። አንድ ልጅ «ነጩ በሬ ሌሎቹን ይወጋ ከነበረስ?» ብሎ ጠየቀን።

መልስ ስናጣ ወደ ታሪክ ሸሸን። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ፣ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መንገድ ለቀቁለት። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። ተረቱን ብንደርብበት ፍርዱ ቀላል ነው፤ ካሣ ጥቁሩ በሬ ይሆናሉ። ነገር ግን ይህ ነጭ በሬ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለ፣ እስረኛ ገደል የሰደደ በሬ ነበር። አንበሳውም እንደ ተረቱ አላደረገም፤ ለጥቁሩ መድፍና ጠመንጃ ትቶለት ወደ አገሩ ተመለሰ። ካሣም በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ።

እንግዲህ ከሚወጋ ወንድም ጋር መቆም ግዴታ ነውን? እኛ ነው ለማለት አንደፍርም። ቁስሉ ያልደረቀውን ሰው «ተባበር» ብሎ መገሠጽ ዳግመኛ መውጋት ነው። ሆኖም ከሚወጋ መራቅ አንድ ነገር ነው፣ ለአንበሳ መንገድ መልቀቅ ግን ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ፣ በውሃ ሰልፍ ላይ እንኳ ጎራ የምንለይ እኛ ስደተኞች እናውቀዋለን።

ይህን ስንል ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ «የነጩ በሬ ጥጃስ ምን ሆነ?» አለች። የገበሬ ልጆች ሳቁባት፤ በሬ መች ጥጃ አለውና! እኛ ግን አልሳቅንም። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ገደማ ከመቅደላ ተወስዶ፣ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። አጽሙ ዛሬም ዊንዘር ነው።

ይህንኑ ነገርናት። ዕድሜዋ ሰባት ነው።