የሴለም ባርኔጣ

ኦክቶበር ገብቶ ሃሎዊን ሲቃረብ በማሳቹሴትሷ ሴለም ከተማ መተላለፊያ ይጠፋል። ሾጣጣ ጥቁር የጠንቋይ ባርኔጣ የደፋ ጎብኚ ጎዳናውን ይሞላዋል፤ በየሙዚየሙ በር ሰልፉ ይረዝማል። የከተማዋ ፖሊስ ዓርማ ላይ እንኳ መጥረጊያ ላይ የተቀመጠች ጠንቋይ አለች!

እ.ኤ.አ. በ1692 እዚያው 19 ሰዎች በጥንቆላ ተከሰው ተሰቅለዋል። ጋይልስ ኮሪ የተባሉ አዛውንት ደግሞ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለታቸው ድንጋይ ተጭኖባቸው ሞቱ።

ታዲያ በሙታን መከራ መጫወት ይገባል? ሃሎዊን ራሱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነውና ሙታንን ማሰብ ለበዓሉ እንግዳ አይደለም። በሞት መሳቅም ኃጢአት ላይሆን ይችላል። የሴለም ነገር ግን ይለያል። ጥፋተኛ ነን ያሉ ብዙዎች ከገመዱ ሲተርፉ፣ የተሰቀሉት በራሳቸው ላይ በሐሰት አንመሰክርም ብለው ነው የሞቱት። ባርኔጣው የተከሳሾቹን ሳይሆን የከሳሾቹን ቃል ይደግማል።

እ.ኤ.አ. በ1992 በከተማዋ በተመረቀው የሟቾቹ መታሰቢያ መግቢያ ላይ የተከሳሾቹ የንጽሕና ቃል በድንጋይ ተቀርጿል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ግንቡ ሥር ገብቶ ይቆረጣል። ከግንቡ ወጣ ያሉት 20 የድንጋይ መቀመጫዎች የሟቾቹን ስምና የሞቱበትን ቀን ይዘዋል። በበዓሉ ሰሞን ሴለም የምትሄዱ፣ ከመዝናኛው በፊት እዚያ ጎራ በሉና ስሞቹን አንብቡ።